ቴሌግራም ቤተ መጻሕፍት አይደለም

«ቤተ መጻሕፍታችንን ዲጂታል አድርገነዋል» የሚል ሪፖርት በየወጣት ኅብረቱ መስማት እየተለመደ መጥቷል። ጭብጨባም አያጣም። ዲጂታል የተባለውን ነገር ከፍቶ ላየ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አንድ የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ውስጡ በስልክ የተነሱ፣ ገጻቸው የተንጋደደ፣ አንዳንዱ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ጭምር የሚታይ ብዙ ፋይሎች ተደርድረዋል። ስማቸው «ስካን 4»፣ «አዲስ ዶክመንት 17»፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ» ይላል። ደራሲው ማን ነው? መቼ ታተመ? ስንተኛው እትም ነው? የጎደለ ገጽ አለው? መልስ የለም። ከሥሩ ግን «ተባረኩ» የሚል አስተያየት ተደርድሮአል።

ለድካማቸው እኔም ተባረኩ እላለሁ። ይህ ግን ክምር ነው እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይደለም። ልዩነቱን የማያውቅ ትውልድ ደግሞ ስልክ በእጁ ይዞ የአባቶቹንና የእናቶቹን ድምፅ ያጠፋል። «አጥፊ» ማለት ይከብዳል ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ታገሡኝና ላስረዳ።

ፎቶግራፍ ውስጥ ያለ ፊደል ለኮምፒዩተር ፊደል አይደለም፤ የጥቁርና የነጭ ነጠብጣብ ስብስብ ነው። አምስት መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ፎቶ አንስታችሁ «ጎንደር የሚለውን ቃል ፈልግልኝ» ብትሉት አንዱንም አያገኝላችሁም። ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቴሴራክት የሚባለው ለምሳሌ በነፃ የሚገኝ ነው፣ አማርኛም ያነባል። ንጹሕ ኅትመት ከሰጣችሁት ደህና ይሠራል። የተንጋደደና ጥላ ያጠላበት ገጽ ከሰጣችሁት ግን «ለ»ን «ሰ» እያለ፣ ሁለት ነጥቡን ከፊደል እየደባለቀ ይመልስላችኋል። ስለዚህ አንድ ሰው ተቀምጦ ከዋናው ጋር መስመር በመስመር እያመሳከረ ማረም ይኖርበታል። ይህን ሥራ ሲሠራ ራሱን ቀርጾ ስቶሪ ላይ የሚለጥፍ ወጣት እስካሁን አላየሁም።

ታርሞ ቢያልቅ እንኳ የራሳችን የሆነ ሌላ ጣጣ ይጠብቃል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል «ፀ» ወይም «ጸ» ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ሊሆን ይችላል፤ ስድስት መንገድ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12። ሦስት ፊደል ያላት አንዲት ቃል በ12 መልክ ትጻፋለች። ለእኛ ሁሉም ያው አንዲት ፀሐይ ናት፤ ለኮምፒዩተሩ ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ዓለም ፀሐይ» የሚል የሰው ስም ሲሆን ደግሞ «አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ» ተጨምረው 48 ይደርሳል። እንግዲህ የአንዲት ዘማሪ እናታችንን ስም የሚፈልግ ወጣት 48 ጊዜ ይጻፍ? አይጽፍም። አንድ ጊዜ ይሞክርና «ስለ እሷ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ይዘጋዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ጥቂት መስመር ፕሮግራም ይበቃል፤ ፓይተን ለሁለት ወር የተማረ ሰው ይጽፈዋል። ነገር ግን ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ ነው! እዚህ ላይ ኮምፒዩተር ብቻ የተማረው ይሳሳታል። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። ፊደሉን ለማቃለል ብሎ ዋናውን የሚለውጥ ሰው «ሠረቀ ብርሃን» የተባለውን ምስኪን ሰው የብርሃን ሌባ አድርጎት ያርፋል። ቋንቋ የሚያውቀው ኮድ ይፈራል፤ ኮድ የሚያውቀው ግዕዝን የቅኔ ቤት ጉዳይ ነው ብሎ ንቆ ይተወዋል። የሚያስፈልገን ሁለቱን በአንድ ጭንቅላት የያዘ ሰው ነው፤ ካልሆነም ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን በገዛ ራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ከለመዱት በቶሎ አልተላቀቁም። በዚያ ዘመን የተተየበ ቃለ ጉባኤ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጽሑፍ፣ የመዝሙር ጥራዝ ዛሬ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይታያል። ከፋቹ «ተበላሽቷል» ይልና ያጠፋዋል። ፋይሉ አልተበላሸም። በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ ለይቶ ወደ ዩኒኮድ የሚመልሰው ሰው ነው ያልተገኘው። በየቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ፋይል «ቦታ ለማስለቀቅ» እንደተደመሰሰ እግዚአብሔር ይወቅ።

ወደ መመዝገቡ ልምጣ፤ የጠቡ ዋና ቦታ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት ያሉ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ማንሳት ተጀመረ። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች ተነሱ። ማንሳቱ ዘመቻ ነው፤ ሰውም ገንዘብም ይሰበሰብለታል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰው እያንዳንዱን ፊልም ከፍቶ ማንበብ አለበት፦ ይህ ብራና ምንድን ነው? በየትኛው ንጉሥ ዘመን ተጻፈ? ጸሐፊው ማን ነው? ኅዳጉ ላይ የተጻፈው የመሬት ውል የማነው? የእነዚህ ብራናዎች ካታሎግ በ10 ቅጽ ታትሟል። የመጀመሪያው ቅጽ በ1975 ወጣ፤ ዐሥረኛው በ1993። 18 ዓመት! አሥሩ ቅጾች የሸፈኑትም 5 ሺህ ብራናዎችን ነው። የመጀመሪያዎቹን ያዘጋጁት ዊልያም ማኮምበር ሲሆኑ የኋለኞቹ በአብዛኛው የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ድካም ናቸው።

ጌታቸው ኃይሌን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች በጥይት መቷቸው፤ ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልሄዱም። አገር ለቀው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ በዚያ በሚኔሶታ ብርድ፣ የጎጃምንና የሸዋን፣ የወሎንና የጎንደርን ብራና አንድ በአንድ እያነበቡ መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1988 ማክአርተር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት አግኝተዋል፤ በ2021 አረፉ። ዛሬ አንድ ተማሪ አዲስ አበባም ሆነ ቶሮንቶ ተቀምጦ በሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የሚፈልገውን ብራና የሚያገኘው ፎቶው ስላለ ብቻ አይደለም። ፎቶው ምን እንደሆነ የጻፈ ሰው ስላለ ነው።

የዚህ ሰው ስም ራሱ የመዝጋቢን ችግር ያሳያል። የኢትዮጵያዊ አባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም፤ እኛ «አቶ ጌታቸው» እንላለን እንጂ «አቶ ኃይሌ» አንልም። የውጭ ካታሎጎች ግን ሁለተኛውን ስም ወደ ፊት ማምጣት ስለለመዱ አንዱን ኢትዮጵያዊ ደራሲ አንዴ በራሱ ስም፣ አንዴ በአባቱ ስም ሥር ያስገቡታል። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ሌላ አራት አምስት ዓይነት አጻጻፍ ይጨመራል። አንድ ሰው ለሦስት ተከፍሎ፣ የሌላ ሰው አባትና ልጅ ሥራ ደግሞ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ታገኙታላችሁ።

ዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ሽፋኑ ላይ «1967» የሚል መጽሐፍ አለ እንበል። ዓመተ ምሕረት ከሆነ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1974 እስከ መስከረም 1975 ባለው ጊዜ የታተመ ነው፤ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት ማለት ነው። ይህን የማያውቅ መዝጋቢ እንዳለ «1967» ብሎ ካስገባው መጽሐፉ በአንድ ቁጥር ከአብዮቱ ወደ ኋላ ሰባት ዓመት ይጓዛል። ከዚያ ደግሞ ሌላ አጥኚ ተነሥቶ «ደራሲው አብዮቱን ቀድሞ ተንብዮአል» ብሎ ይጽፋል። ትስቃላችሁ፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ግን አንድ ጊዜ ከገባ ከካታሎግ ወደ ካታሎግ እየተገለበጠ ይኖራል።

«ካታሎግ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉኝም አሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳትመዋል። ኮምፒዩተር አልነበራቸውም። መብራት እንኳ በየቤቱ አልነበረም። (በነገራችን ላይ አዲስ አበቤው ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍት «ወመዘክር» ይለዋል። በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር፤ በግዕዝ «ወ» ማለት «እና» ነው። ሕዝቡ ቤተ መጻሕፍቱን ጥሎ «እና መዘክር» የሚለውን ብቻ ይዞ ቀረ። ስለ እኛ የሆነ ነገር ይናገራል መሰለኝ።)

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ። አንደኛው ወገን «ሁሉም ነገር እኮ ኢንተርኔት ላይ አለ» ይላል። የለም። ያለውም የሚኖረው የሚጠብቀው እስካለ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው ብራናዎች አብዛኞቹ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ብዙዎቹን በዲጂታል አንሥቶ ለዓለም ከፈታቸው፤ እኛም «ቢያንስ ምስላቸውን አየን» ብለን ተጽናናን። በኦክቶበር 2023 ግን ቤተ መጻሕፍቱ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ተመታ፤ የዲጂታል ብራናዎቹ ገጽ ለረጅም ጊዜ ጨለመ። በዓለም ካሉት ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ባለሙያም ገንዘብም አለው። ታዲያ የአንድ ወጣት ኅብረት መዝሙር ሁሉ በአንድ ልጅ ስልክ ቁጥር በተከፈተ ቻናል ላይ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ዱባይ ሲሄድ ምን ይሆናል? ባለሙያዎች ቢያንስ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤቱ ውጭ ይሁን ይላሉ። ለአንድ ኅብረት ይህ ሁለት ሃርድ ዲስክና በሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ታማኝ ወንድም ወይም እህት ማለት ነው።

ሁለተኛው ወገን «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሁሉንም ይሠራዋል፤ ለምን እንደክማለን?» ይላል። ይህ ስንፍና የዕውቀት ካባ ለብሶ ሲመጣ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች አሉ፤ በአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ። እናንተ ያልተየባችሁትን፣ ያላረማችሁትን፣ ስሙን ያልጻፋችሁለትን ነገር ማሽኑ ከየት ያመጣዋል? ሲጠየቅ ዝም እንኳ አይልም፤ ፈጥሮ ይመልስላችኋል፤ ያውም ባማረ አማርኛ። ካሴቱ ላይ የምትዘምረው ሴት ማን እንደሆነች የሚያውቁት ደግሞ ከእሷ ጋር የዘመሩት ናቸው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ሦስተኛው ወገን የእኛው ሰው ነው፤ አብሬው ስለምጸልይ በእሱ ላይ ይበልጥ እጨክናለሁ። «ብራና የኦርቶዶክስ ነው፣ ማኅደር የዩኒቨርሲቲ ነው፣ እኛ የመንፈስ ሰዎች ነን» ይላል። ወንድሜ፣ መጽሐፍ ቅዱስህን የምታነብበት ፊደል ከየት መጣ? በዚያ ብራና ላይ ከኖረው ነው። ደግሞስ አስቴር ጋኖን ታውቃታለህ? በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ፣ በባሕር ላይ ነፃ ወጥታ፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ያደገች ኦሮሞ ናት። ኦኔስሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእሷም ላብ አለበት። እሷ ግን በዚያ አላቆመችም። ከሕዝቧ ርቃ እያለች የምታስታውሰውን ተረት፣ ዘፈንና ምሳሌያዊ አነጋገር ጻፈች፤ ከዚያ የተገኘው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። የወንጌል አገልጋይ ነበረች፤ የሕዝቧን ተረት መሰብሰብም ከመንፈሳዊነት አላጎደላትም። አያቶቻችን እነዚህ ናቸው። የእኛ ዘመን ሰው የቃል መዝገብ ሲባል ለምን ይደነግጣል?

ስለ ሚዲያ ክፍላችንም አንድ ነገር ልበል፤ የሚቆጣ ይቆጣ። በየአጥቢያው ያሉ ልጆቻችን በሦስት ካሜራ በቀጥታ ማስተላለፍ፣ ድምፅ ማቀናበር፣ ስክሪን ላይ ጥቅስ ማውጣት ተምረዋል፤ ጎበዞች ናቸው። ከእነዚህ ስንቱ ያለፈውን ዓመት የትንሣኤ ኮንፈረንስ ሦስተኛ ቀን ስብከት በአምስት ደቂቃ ፈልጎ ማውጣት ይችላል? ሰባኪውን በስም፣ ክፍሉን በምዕራፍ የመዘገበ አለ? ለቀጥታ ስርጭቱ የምናወጣውን ጉልበት አንድ ዐሥረኛ ለመዝገቡ ብናወጣ ሌላ ታሪክ ይኖረን ነበር። በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው በየቤቱ በሹክሹክታ ሲዘመር፣ መዝሙሩ በእጅ እየተገለበጠ ከደብተር ወደ ደብተር ያልፍ ነበር። በካሴትም ተቀርጾ ነበር። ያ ካሴት አሁን የት ነው? በአንዲት እናት ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላቸው ሥር። የካሴት ክር ላይ ያለው ማግኔታዊ ልባስ ከዓመት ወደ ዓመት ይደክማል፤ የሚያጫውተው ቴፕም እየጠፋ ነው። ሽፋኑ ላይ «ቁ. 3» ብቻ ይላል።

መብትን በተመለከተ አጭር ነኝ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በቻናል ማሰራጨት እስከ 2053 ድረስ የሰው ንብረት መንካት ነው፤ «ለትምህርት ነው» ማለት አያነጻውም። በሕይወት ያለ ዘማሪም ይጠየቃል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ግን በ1938 አርፈዋል፤ መጻሕፍታቸውን መተየብ፣ ማረም፣ ለሁሉ መክፈት የሚከለክላችሁ የለም። ጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ፕሮጀክት ከ2016 ጀምሮ የግዕዝ ብራናዎችን መግለጫ በኮምፒዩተር በሚነበብ ሥርዓት እየጻፈ ለሁሉም በነፃ ከፍቷል። ግዕዝን ተምረው ያን የሚሠሩ የጀርመንና የጣልያን ልጆች አሉ። ክብር ይግባቸው። ዕውቀቱ ግን የጀርመን ሚስጥር አይደለም፤ የአጻጻፍ ሥርዓቱ በነፃ የሚገኝ ነው፣ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ይበቃዋል።

እንግዲህ በየኅብረቱ አንድ ሰንጠረዥ ክፈቱ፤ ኤክሴል ይበቃል። እያንዳንዱ መጽሐፍ፣ ጥራዝ፣ ካሴትና ፎቶግራፍ አንድ መስመር ይኑረው። መለያ ቁጥር፤ ርእስ፣ ዕቃው ላይ በተጻፈበት ፊደል ሳይስተካከል፤ የሰው ስም ከነአባት፣ ሳይገለባበጥ፤ ዘመን፣ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ተለይቶ፤ ዕቃው አሁን በማን እጅ እንዳለ፤ ፋይሉ የት የት እንደተቀመጠ፤ ባለመብቱ ፈቅዶ እንደሆነ። የፋይሉ ስም ከመለያ ቁጥሩ ጋር አንድ ይሁን፤ «የመጨረሻው የመጨረሻ» የሚባል ነገር አይኑር። በስተመጨረሻ «ማን ነገረን» የሚል ዓምድ ጨምሩ፤ ካሴቱ ላይ የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ፣ ፎቶው ላይ ከግራ ሁለተኛዋ ማን እንደሆነች የነገረን ሰው ስምና የተናገረበት ቀን ይጻፍበት። ይህን ዓምድ የሚሞሉልን ሰዎች አብዛኞቹ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። ስካነር ለመግዛት ገንዘብ እስክታዋጡ አትጠብቁ፤ በዚህ ቅዳሜ እማማ ቤት ሄዳችሁ ከዚህኛው ዓምድ ጀምሩ።